ክሮፕዋት 8.0፦ የሰብልን የውሃ ፍላጎት የሚያሰላው ነፃ ፕሮግራም ሲገመገም

አንድ ሄክታር በቆሎ ከዘር እስከ አጨዳ ስንት ውሃ እንደሚፈልግ የሚጠይቅ ሰው በመስኖ መማሪያዎች ውስጥ የሚያገኘው መልስ ከ500 እስከ 800 ሚሊ ሜትር የሚል ነው። ለሽንኩርት ከ350 እስከ 550፣ ለጥጥ ከ700 እስከ 1300፣ ለሙዝ ከ1200 እስከ 2200፣ ለሸንኮራ አገዳ ደግሞ ከ1500 እስከ 2500 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተጽፏል። አሃዞቹ ስሕተት የለባቸውም፤ ችግሩ ስፋታቸው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ውሃ በአንድ ሄክታር ላይ 10 ሜትር ኩብ ስለሚሆን፣ በጥጥ ዝቅተኛና ከፍተኛ መጠን መካከል ያለው የ600 ሚሊ ሜትር ልዩነት በሄክታር 6000 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት ነው። ፓምፕ የሚመርጥ፣ የቦይ ስፋት የሚወስን ወይም ከአንድ ጉድጓድ ስንት ሄክታር ማልማት እንደሚቻል የሚያሰላ ሰው ይህን ያህል በሰፋ ግምት ተመርኩዞ ሊወስን አይችልም።

የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በተለምዶ ፋኦ የሚባለው፣ ያዘጋጀው ክሮፕዋት 8.0 የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህንን ሰፊ ግምት ወደ አንድ የተወሰነ ማሳ፣ ወደ አንድ የዘር ቀንና ወደ አንድ የአፈር ዓይነት ለማጥበብ የተሠራ ነው። ከወዲሁ አቋሜን ለመናገር፣ ለዕቅድ ሥራ ከሚገኙት ነፃ መሣሪያዎች ሁሉ በቅድሚያ የምመክረው ይህን ነው፤ ይሁን እንጂ የዝናቡንና የአፈሩን ገጽ በጥንቃቄ ሳይሞላ ውጤቱን አትሞ የሚያቀርብ ሰው ባሰላው ቁጥር ላይ እምነት የለኝም። ምክንያቱን ከዚህ በታች በዝርዝር አቀርባለሁ።

ፕሮግራሙ የሚገኘው ያለ ክፍያ ነው። የተሠራው ለዊንዶውስ ሲሆን ገጾቹ በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በስፓኒሽና በሩሲያኛ ሊነበቡ ይችላሉ። ስሌቱ የሚመራው ፋኦ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው፣ የሰብልን የውሃ ፍላጎት ለማስላት ለረጅም ጊዜ ዋና መመሪያ ሆኖ በቆየው 56ኛው የመስኖና የውሃ ማፋሰሻ ጽሑፍ ነው። በውሃ እጥረት ምክንያት የሚቀንሰውን ምርት የሚገምትበት ክፍል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው 33ኛው ጽሑፍ የተወሰደ ነው። መጠኑ ትንሽ በመሆኑ ያረጀ ኮምፒውተር ላይም ያለ ችግር ይሠራል፤ አንዴ ከተጫነ በኋላም ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ኔትወርክ በማይደርስበት ማሳ አጠገብ ለሚሠራ ባለሙያ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው።

በግራ በኩል ተደርድረው የሚታዩት ምልክቶች ስምንት ናቸው። የአየር ንብረት፣ የዝናብ፣ የሰብል፣ የአፈርና የሰብል ድልድል ገጾች መረጃ የሚሞላባቸው ሲሆኑ፣ የሰብል ውሃ ፍላጎት፣ የመስኖ መርሐ ግብርና የጠቅላላ መስኖ አቅርቦት ገጾች ደግሞ ውጤት የሚነበብባቸው ናቸው። የገጾቹ ቅደም ተከተል ራሱ ትምህርት ይሰጣል፤ ተጠቃሚው መጀመሪያ ስለ አየሩ፣ ቀጥሎ ስለ ሰማዩ ውሃ፣ ከዚያ ስለ ተክሉ፣ በመጨረሻም ስለ መሬቱ እንዲያስብ ይገደዳል። አንድ ውጤት የሚፈልጋቸውን ገጾች ሳይሞሉ ወደ እሱ መዝለል አይቻልም።

በመጀመሪያው ገጽ ላይ የቦታው ከፍታና መገኛ፣ የየወሩ ዝቅተኛና ከፍተኛ ሙቀት፣ የአየር እርጥበት፣ የነፋስ ፍጥነትና የፀሐይ ሰዓት ይገባሉ። ፕሮግራሙም ፔንማን-ሞንቲዝ በሚባለው ቀመር የመነሻ ትነትን ያሰላል፤ ይኸውም ውሃ ያልጎደለበት፣ መሬቱን ሙሉ በሙሉ የሸፈነና 12 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁመት ያለው ሣር ያለበት መሬት በቀን ከአፈሩና ከቅጠሉ የሚያጣው የውሃ መጠን ነው። የሙቀት መጠን ብቻ ያለው ሰው ሌሎቹን በግምት እንዲሞላለት ማዘዝ ይችላል። እዚህ ገጽ ላይ ጥንቃቄ የሚያሻው የነፋሱ ዓምድ ነው። ቅንብሩ ካልተቀየረ ፕሮግራሙ ነፋስን የሚጠብቀው በቀን በተጓዘ ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ ብዙ የአየር ሁኔታ ጣቢያዎች ግን የሚመዘግቡት በሰከንድ ሜትር ነው። በሰከንድ 2 ሜትር የሚነፍስ መጠነኛ ነፋስ በቀን 173 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ አሃዱን ሳይቀይር 2 ብሎ የጻፈ ሰው ነፋስ የሌለበት ማሳ ፈጠረ ማለት ነው፤ በደረቅና ነፋሻማ ቦታም ትነቱ ከሚገባው በብዙ አንሶ ይወጣለታል። ፕሮግራሙ ለዚህ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በተጨማሪም ቀመሩ የሚፈልገው ከመሬት 2 ሜትር ከፍታ ላይ የተለካ ነፋስ በመሆኑ፣ በ10 ሜትር ምሰሶ ላይ የተለካውን በ0.75 ማባዛት ያስፈልጋል።

የራሱ የአየር ሁኔታ መዝገብ ለሌለው ሰው፣ ያው ድርጅት ክሊምዋት 2.0 የተባለ ከ5000 በላይ ጣቢያዎችን የያዘ የመረጃ ቋት አዘጋጅቷል፤ ቅርብ የሆነውን ጣቢያ መርጦ ወደ ክሮፕዋት ማስገባት ቀላል ነው። ሆኖም መረጃው የብዙ ዓመታት አማካይ መሆኑን መርሳት አይገባም። በአማካይ ዝናብ ላይ ተመሥርቶ የተነደፈ መስኖ ከአማካዩ በታች በሚዘንብባቸው ዓመታት ሁሉ ውሃ ያንሰዋል፤ እነዚህ ዓመታት ደግሞ ከግማሽ የማይርቁ ናቸው። ስለዚህ ለሙቀቱና ለእርጥበቱ አማካዩን መጠቀም የሚያስኬድ ቢሆንም፣ ለዝናቡ ግን ከአምስት ዓመት በአራቱ የሚገኘውን መጠን አስልቶ ማስገባት ተገቢ ነው።

የዝናቡ ገጽ በእኔ አስተያየት የፕሮግራሙ ወሳኝ ክፍል ነው፤ ብዙ ተጠቃሚዎች ግን ቁጥሩን ሞልተው ያልፉታል። ከሰማይ የወረደ ዝናብ ሁሉ ለሰብሉ አይደርስም፤ ከፊሉ በጎርፍ ይሄዳል፣ ከፊሉ ከሥር በታች ይሰርጋል። ለሰብሉ የሚተርፈውን ክፍል ለመገመት ፕሮግራሙ የተለያዩ ዘዴዎችን ያቀርባል፤ ዘዴው ሲቀየርም ውጤቱ በእጅጉ ይቀየራል። በወር 100 ሚሊ ሜትር የዘነበበትን ሁኔታ እንውሰድ። በአሜሪካ የአፈር ጥበቃ አገልግሎት ዘዴ ሲሰላ ለሰብሉ የሚጠቅመው 84 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ፋኦ ራሱ አስተማማኝ ዝናብ ብሎ ባዘጋጀው ዘዴ ግን 56 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ዝናቡ 50 ሚሊ ሜትር ሲሆን ልዩነቱ ከዝናቡ መጠን አንጻር ይበልጥ ጎልቶ ይታያል፤ በመጀመሪያው ዘዴ 46፣ በሁለተኛው 20 ሚሊ ሜትር ይወጣል። የመጀመሪያውን የመረጠ ሰው በዚያ ወር በሄክታር 260 ሜትር ኩብ ተጨማሪ ውሃ ከሰማይ እንደሚያገኝ ሲቆጥር፣ ሁለተኛውን የመረጠው ያንኑ ውሃ ከፓምፕ ማውጣት እንዳለበት ያቅዳል ማለት ነው። ሁለቱም አንድ ማሳ ላይ፣ አንድ ዓይነት ሰብል እያሰቡ ነው።

የትኛው ትክክል ነው ለሚለው፣ ዝናቡ በደረቅ አካባቢ በጥቂት ኃይለኛ ዶፍ የሚወርድ ከሆነና መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ዝቅተኛውን የሚሰጠውን ዘዴ መያዝ አስተማማኝ ነው፤ ዝናቡ በዝግታ፣ በብዙ ቀናት ተከፋፍሎ፣ በሜዳማና ውሃ በሚይዝ መሬት ላይ የሚወርድ ከሆነ ከፍተኛውን መቀበል ይቻላል። ያም ሆነ ይህ፣ በሪፖርት ላይ የተመረጠው ዘዴ በስሙ ካልተጠቀሰ የወጣው የመስኖ መጠን ሊመረመር አይችልም። ፕሮግራሙ በሚያትመው ገጽ ላይ ዘዴውን ስለሚጽፈው፣ ያንን ገጽ ከሪፖርቱ ጋር ማያያዝ በቂ ነው።

ወደ ሰብሉ ገጽ ስንመጣ የመመሪያው ጥንካሬ ይታያል። እያንዳንዱ ሰብል ከዘር እስከ አጨዳ በአራት የዕድገት ደረጃዎች ተከፍሎ፣ ለየደረጃው የቀን ብዛትና የሰብል ኮፊሸንት የሚባል ማባዣ ይሰጠዋል። የመነሻ ትነቱ በዚህ ማባዣ ሲባዛ የሰብሉ የዕለት ፍላጎት ይገኛል። በ125 ቀን የሚደርስ በቆሎ 20፣ 35፣ 40 እና 30 ቀናት ባሏቸው ደረጃዎች ሲከፈል፣ ማባዣው በመጀመሪያ 0.3፣ ማሳውን ሙሉ በሙሉ በሸፈነበት ወቅት 1.2 ነው። የመነሻ ትነቱ በቀን 5 ሚሊ ሜትር በሆነበት ቦታ፣ ቡቃያው 1.5 ሚሊ ሜትር ሲበቃው፣ አበባ የያዘው በቆሎ 6 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ከዘር እስከ አጨዳ እኩል እየለካ የሚያጠጣ ሰው በመጀመሪያው ወር ውሃ እያባከነ፣ ሰብሉ በሚያብብበት ጊዜ ያስጠማዋል።

የመጨረሻው ደረጃ ማባዣ ደግሞ ሰብሉ ለምን እንደተዘራ ይጠይቃል። ለእሸት የሚሸጥ ጣፋጭ በቆሎ እስከሚቆረጥበት ቀን ድረስ 1.05 ሲይዝ፣ በማሳው ላይ እንዲደርቅ የሚተወው የእህል በቆሎ ግን ወደ 0.35 ይወርዳል። ሽንኩርት ከ0.7 ተነሥቶ 1.05 ይደርሳል፤ ቲማቲም ከ0.6 ወደ 1.15 ይወጣል፤ ሸንኮራ አገዳ 1.25 ድረስ ይሄዳል። ቅጠሉን የማያራግፈው ቡና ዓመቱን ሙሉ በ0.90 እና በ0.95 መካከል ይቆያል፤ ከሥሩ አረም ከበቀለበት ግን ማባዣው ወደ 1.10 ከፍ ይላል። ይህች የ0.15 ልዩነት በቀን 5 ሚሊ ሜትር ትነት ባለበት ቦታ በወር በሄክታር 225 ሜትር ኩብ ውሃ ትሆናለች፤ ይህን ሁሉ የሚጠጣው አረሙ ነው። ማረም የመስኖ ሥራ አካል መሆኑን በቁጥር ያሳየኝ ሌላ መሣሪያ አላገኘሁም።

ከፕሮግራሙ ጋር አብረው የሚመጡት የሰብል ፋይሎች ለጀማሪ መነሻ ይሆናሉ እንጂ እንዳሉ የሚወሰዱ አይደሉም። የደረጃዎቹ የቀን ብዛት በዝርያውና በሙቀቱ ይወሰናል፤ በቀዝቃዛ ደጋ ላይ የተዘራ ዝርያ በቆላ ከተዘራው ይልቅ ለመድረስ ብዙ ቀናት ይወስድበታል። ማባዣዎቹም የተሰጡት የቀኑ ዝቅተኛ እርጥበት 45 በመቶ፣ ነፋሱም በሰከንድ 2 ሜትር ለሆነበት ሁኔታ ነው። ከዚያ በጣም የራቀ አየር ባለበት ቦታ መስተካከል አለባቸው። በአካባቢው የሚገኝ የምርምር ጣቢያ የለካው የቀን ብዛትና ማባዣ ካለ፣ እሱን መጻፍ ከሁሉ ይሻላል፤ ፕሮግራሙም የተስተካከለውን ፋይል በአዲስ ስም ለማስቀመጥ ይፈቅዳል።

የአፈሩ ገጽ የሚጠይቀው ጥቂት ነው፤ አፈሩ በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ ለተክል የሚሰጠው የውሃ መጠን፣ ውሃ የሚያሰርግበት ፍጥነት፣ ሥር ሊወርድበት የሚችለው ጥልቀት፣ በዘር ጊዜ ያለው እርጥበት። ይሁን እንጂ መስኖው በየስንት ቀኑ መሰጠት እንዳለበት የሚወስነው ይህ ገጽ ከሰብሉ የሥር ጥልቀት ጋር ሲጣመር ነው፤ እዚህ ላይ አንድ ምሳሌ በዝርዝር ልስጥ።

አፈሩ በሜትር ጥልቀት 140 ሚሊ ሜትር ውሃ የሚይዝ መካከለኛ አፈር ነው እንበል፤ የመነሻ ትነቱም በቀን 5 ሚሊ ሜትር ነው። ሥሩ 1 ሜትር የወረደው በቆሎ ከመጎዳቱ በፊት ከ140ው ሚሊ ሜትር 55 በመቶውን፣ ማለትም 77 ሚሊ ሜትሩን ሊጠቀም ይችላል። በቀን 6 ሚሊ ሜትር ሲጠጣ ከ12 ቀን በላይ ያቆየዋል። በአጠገቡ ያለው ሽንኩርት ግን ሥሩ 40 ሴንቲ ሜትር ብቻ በመሆኑ የሚደርሰው ጠቅላላ ውሃ 56 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሽንኩርት ጥማት ስለማይችል ከዚህ ሳይጎዳ የሚወስደው 30 በመቶውን፣ ወደ 17 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በቀን 5.25 ሚሊ ሜትር ስለሚጠጣ ይህ መጠን የሚያቆየው ለሦስት ቀን ነው። የሁለቱ የዕለት ፍላጎት እጅግ የተቀራረበ ሆኖ ሳለ፣ አንዱ በየሦስት ቀኑ በትንሽ በትንሹ፣ ሌላው በየአሥራ ሁለት ቀኑ በብዛት መጠጣት አለበት።

አሁን ሁለቱም ማሳዎች ውሃ የሚያገኙት በየሰባት ቀኑ በሚደርስ የቦይ ወረፋ ነው እንበል። በፕሮግራሙ የመርሐ ግብር ገጽ ላይ በተወሰነ የቀን ልዩነት አጠጣ የሚለውን ምርጫ ወስዶ ሰባት ብሎ መጻፍ በቂ ነው፤ በሚወጣው ሥዕል ላይ የሽንኩርቱ የአፈር እርጥበት መስመር በየወረፋው መካከል ከጉዳት መስመሩ በታች ሲወርድ፣ የበቆሎው ግን ርቆ ከላይ ሲቆይ በግልጽ ይታያል። የሽንኩርቱ ባለቤት ወረፋው ሲደርሰው ለማካካስ ብሎ 77 ሚሊ ሜትር ቢለቅ ደግሞ፣ የሽንኩርቱ ሥር ያለበት አፈር በሰባት ቀን ቢበዛ 37 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚጎድልበት፣ ቀሪው 40 ሚሊ ሜትር ማዳበሪያውን ይዞ ከሥሩ በታች ይሰርጋል። በአንድ ቦይ የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች ስለ ወረፋ ርዝመት ሲነጋገሩ ይህ ሥዕል በጠረጴዛው ላይ ቢኖር እመኛለሁ፤ ሥር አጭር የሆኑ አትክልቶችን ለሚያመርት ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ያንኑ ውሃ በአነስተኛ መጠን ቶሎ ቶሎ ማግኘት ነውና።

በዚያው ገጽ ላይ የአሰጣጥ ብቃት የሚባል፣ ከተለቀቀው ውሃ ለሥሩ የሚደርሰውን ድርሻ የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ ፕሮግራሙ ሲከፈት 70 በመቶ ተጽፎ ይገኛል። ለበቆሎው 77 ሚሊ ሜትር ለማድረስ በዚህ ብቃት 110 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሄክታር 1100 ሜትር ኩብ መልቀቅ ያስፈልጋል። ለቦይና ለፈሰስ መስኖ ከ60 በመቶ፣ ለርጭት ከ75፣ ለጠብታ መስኖ ከ90 በመቶ መነሣት የተለመደ ነው። በደንብ ባልተስተካከለ መሬት ላይ በቦይ የሚያጠጣ ሰው 70ውን እንዳለ ቢተወው የውሃ ፍላጎቱን አሳንሶ ያወጣል።

በዘር ጊዜ ያለውን እርጥበት በተመለከተ፣ አፈሩ ውሃ የሞላ ነው ብሎ መጀመር የተለመደ ነው። ከዝናብ ወቅት በኋላ ለሚዘራ ሰብል ይህ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በደረቅ ወቅት ማብቂያ ላይ ለሚዘራ ግን በአንድ ሜትር ጥልቀት ውስጥ እስከ 140 ሚሊ ሜትር የሚደርስ በእውኑ የሌለ ውሃ ለሰብሉ ይቆጠርለታል። ከመዝራት በፊት ጉድጓድ ቆፍሮ በየጥልቀቱ አፈሩን በእጅ መጭመቅ ይህን ስሕተት ያስቀራል።

የምርት ቅነሳ ግምቱ ውሃ ለሁሉ በማይበቃበት ዓመት ለመወሰን የሚረዳ ነው። ለእያንዳንዱ ሰብል ውሃ ሲጎድልበት ምርቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ የሚያሳይ ቁጥር ተሰጥቷል፤ ለበቆሎ 1.25፣ ለጥጥ 0.85፣ ለለውዝ 0.7 ነው። ሦስቱም በወቅቱ ከሚያስፈልጋቸው የትነት መጠን 20 በመቶ ቢጎድልባቸው የበቆሎው ምርት በ25፣ የጥጡ በ17፣ የለውዙ በ14 በመቶ ይቀንሳል። እጥረቱ የመጣበት ጊዜም ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ጽሑፍ መሠረት የበቆሎ ቁጥር አበባ በሚያወጣበትና ጸጉሩ በሚታይበት ወቅት 1.5 ሲሆን፣ ፍሬው በሚደርቅበት ጊዜ 0.2 ብቻ ነው። ስለዚህ የተረፈችው አንዲት ወረፋ ለየትኛው ማሳ ትሂድ የሚለውን ለመፍታት ፕሮግራሙ ተጨባጭ መከራከሪያ ይሰጣል። ማስታወስ የሚገባው፣ ግንኙነቱ ቀጥታ መስመር ተደርጎ የተወሰደ በመሆኑ እጥረቱ ከግማሽ ሲያልፍ ግምቱ እንደማይታመን ነው።

ሩዝ የራሱ ገጽ አለው፤ የችግኝ ማፍያውን፣ መሬቱን ለማላቆጥ የሚፈሰውን ውሃና ከማሳው ሥር የሚሰርገውን ለብቻ ይቆጥራል። ሩዝ ለሚያመርቱ ይህ የግድ የሚያስፈልግ ሲሆን በአግባቡም ተሠርቷል።

የተለያዩ ሰብሎች በአንድ መስኖ ሥር ሲለሙ፣ የሰብል ድልድሉ ገጽ እያንዳንዱ ስንት በመቶ መሬት እንደያዘ ተቀብሎ ውሃ በብዛት የሚፈለግበትን ወር ያወጣል። በቀን 6 ሚሊ ሜትር የሚፈልግ ሙሉ ማሳ በ70 በመቶ ብቃት ሲጠጣ በሄክታር በሰከንድ 1 ሊትር ገደማ የማያቋርጥ ፍሰት ያስፈልገዋል። ይህ ግን ሃያ አራት ሰዓት ሙሉ ለሚሠራ ፓምፕ ነው፤ ቀን ቀን ለ12 ሰዓት ብቻ የሚሠራ ከሆነ በሰከንድ 2 ሊትር ማድረስ አለበት። ፕሮግራሙ የሥራ ሰዓቱን ስለማይጠይቅ ይህን ማባዛት ለተጠቃሚው የተተወ ነው፤ ፓምፕ የሚገዛ ሰው እዚህ ላይ ቢዘናጋ አቅሙ በግማሽ ያነሰ ዕቃ ይዞ ይመጣል።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። ዋናው፣ ከአፈሩ ገጽ የሚተነውንና ተክሉ የሚያልበውን በአንድ ማባዣ አጣምሮ መያዙ ነው። በጠብታ መስኖ የሚጠጣ ማሳ የሚረጥበው በከፊል በመሆኑና በገለባ ወይም በፕላስቲክ የተሸፈነ አፈር ብዙ ስለማይተን፣ እውነተኛው ፍላጎት በተለይ ሰብሉ ገና መሬቱን ባልሸፈነበት ጊዜ ከሚታየው ያንሳል፤ ፕሮግራሙ ግን በጠብታና በቦይ መካከል የሚያውቀው ልዩነት የብቃት ቁጥሩን ብቻ ነው። በተቃራኒው፣ በየሁለት ቀኑ ሙሉ በሙሉ የሚርስ የአትክልት ቡቃያ ከሠንጠረዡ ማባዣ በላይ ይተናል። አትክልት አምራች የመጀመሪያውን ደረጃ ማባዣ እንደ አጠጣጡ ማስተካከል ይኖርበታል።

ሁለተኛው የጨው ጉዳይ ነው። ቦሎቄ የአፈሩ ጨዋማነት ከ1.0፣ ሽንኩርት ከ1.2 ዴሲሲመንስ በሜትር ሲያልፍ ምርታቸው መቀነስ ይጀምራል፤ ጥጥ እስከ 7.7፣ ገብስ እስከ 8.0 ይታገሣሉ። ጨዋማ ውሃ የሚጠቀም ሰው ጨውን ከሥሩ በታች አጥቦ ለማውረድ ተጨማሪ ውሃ መስጠት አለበት፤ ክሮፕዋት ለዚህ ቦታ የለውም። በቅርብ ጥልቀት ያለ የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ሥር የሚልከውን እርጥበትም አይቆጥርም። የማዳበሪያ እጥረት፣ ተባይና የአዘራር ጥግግት በምርት ግምቱ ውስጥ አይገቡም።

ፋኦ እ.ኤ.አ. በ2009 ያስተዋወቀው አኳክሮፕ ከእነዚህ ብዙዎቹን ይመልሳል፤ የቅጠሉን ሽፋን ዕድገት ቀን በቀን ይከተላል፣ ትነትንና ላበትን ለይቶ ያሰላል፣ ጨውንም ይቆጥራል። ለምርምር ወይም ምርትን በጥልቀት ለመተንበይ የሚሻለው እሱ ነው። ነገር ግን የሚጠይቀው መረጃ ብዙ ነው፤ መረጃው በሌለበት በግምት እየሞሉ ውስብስብ ስሌት መሥራት ከቀላሉ ስሌት የተሻለ ውጤት አይሰጥም። የቦይ መጠን፣ የፓምፕ አቅምና የወረፋ ርዝመት ለመወሰን ለሚፈልግ የመስኖ ባለሙያ፣ ለግብርና ተማሪና ለማኅበር መሪ ክሮፕዋት ይበቃል።

የገጾቹ አሠራር ዘመን ያለፈበት ነው። ሠንጠረዦቹ በጠባብ መስኮቶች ውስጥ ተደራርበው ይከፈታሉ፤ በስልክም አይሠራም። የተሠራው የመጀመሪያ ሥራ ሲቀመጥ የአየር፣ የዝናብ፣ የሰብልና የአፈር ፋይሎች እያንዳንዳቸው ለየብቻ መቀመጥ አለባቸው፤ ከዚያም ሁሉንም አንድ ላይ የሚጠራ ፋይል ማስቀመጥ ይቻላል። ይህን ያላወቀ ተጠቃሚ ያስተካከለውን የሰብል ፋይል ሳያስቀምጥ ይዘጋዋል። ከዚህ ውጭ፣ በየገጹ ላይ የሚከፈተው የእርዳታ ጽሑፍ ግልጽና ቀመሮቹን ሳይቀር የያዘ ሲሆን፣ ቁጥሮቹን ወደ ሌላ የሠንጠረዥ ፕሮግራም መገልበጥም ይቻላል።

ለመጠቀም የወሰነ ሰው በመጀመሪያው ወቅት አንድ ማሳ ብቻ መርጦ ቢጀምር ይሻላል። ፕሮግራሙ ውሃ የሚሰጥበት ቀን ደርሷል ባለበት ዋዜማ፣ በሥሩ ጥልቀት ልክ ቆፍሮ አፈሩን ይመርምር። አፈሩ ገና እርጥብ ሆኖ ከተገኘ የዝናብ ዘዴው ዝቅ አድርጎ ቆጥሯል ወይም የአፈሩ የመያዝ አቅም ከተጻፈው ይበልጣል፤ ከተጠበቀው በላይ ደርቆ ከተገኘ የነፋሱ ቁጥር፣ የሥሩ ጥልቀት ወይም የአሰጣጥ ብቃቱ ተሳስቷል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንዱን ቁጥር ብቻ ቀይሮ እንደገና ማስላትና ከቀጣዩ ቁፋሮ ጋር ማመሳከር ያስፈልጋል፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የቀየረ ሰው ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ሊያውቅ አይችልም።